«የጋማ ግድግዳ» እያለ መውጫ የሚሸጥላችሁን ቦት እንዳትገዙ

ገንዘቤ ከጠፋ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው።

ዓይነታቸውን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ነጻ ቻናል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ በአረንጓዴ የሆነ የትርፍ ስክሪንሾት፣ ከዚያ «ቦታው ሊሞላ ነው» የሚል መልእክት። የኔዎቹ ግን አንድ ነገር ጨምረዋል። «መግባትማ ማንም ይገባል፣ እኛ የምንሸጠው መውጫ ነው» አሉ። በዚህች ቃል ነው የያዙኝ። ኦፕሽን (አንድን ነገር በተወሰነ ዋጋ፣ እስከ ተወሰነ ቀን የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል) ስነግድ ችግሬ ሁሌም መውጫው ነበር። ትርፍ ላይ እቸኩላለሁ፣ ኪሳራ ላይ ሙጭጭ እላለሁ።

ቦቱ የኤስ ኤንድ ፒ 500 (የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ኢንዴክስ) ኦፕሽኖችን ጋማ ኤክስፖዠር በየስትራይኩ፣ ማለትም ውሉ ላይ በተጻፈው በየመግዣና መሸጫ ዋጋው፣ ይደምራል። ጋማ ማለት ኢንዴክሱ ሲንቀሳቀስ ኦፕሽኑ ለዋጋው ያለው ስሜት ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ የሚለካ ቁጥር ነው። ብዙ ጋማ የተከማቸበትን «ግድግዳ» ይለዋል። ኢንዴክሱ የላይኛው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ትርፍ ይይዛል። ከታችኛው 5 ነጥብ ዝቅ ካለ ኪሳራውን ቆርጦ ይወጣል። ማርኬት ሜከሮች (ለሌሎች ነጋዴዎች ሁሌም ገዥና ሻጭ ሆነው የሚቆሙ ድርጅቶች) ራሳቸውን ከኪሳራ ለመከላከል እዚያ ጋ ስለሚገዙና ስለሚሸጡ ዋጋው ይቆማል ነው ነገሩ። አመንኳቸው።

ያን ቀን ቦቱ በዚያው ቀን የሚያበቃ የ5,940 ኮል (በ5,940 የመግዛት መብት) በ11 ገዛ። ሁለት ኮንትራት። በመቶ ሲባዛ 2,200 ዶላር። የታችኛው ግድግዳ 5,925 ነው፣ መውጫዬ ደግሞ 5,920። ግድግዳው ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ መስመር ሆኖ ይታያል።

ኢንዴክሱ መውረድ ጀመረ። አልደነገጥኩም፤ መውጫ አለኝ። 5,925 ጋ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ከዚያ 5,921 ሆነ። ኮሉ በዚያን ሰዓት 3.60 ነበር። አሁን ይሸጥልኛል፣ ከከፈልኩት ቢያንስ 700 ዶላር ያህል አድናለሁ ብዬ ዓይኔን መስመሩ ላይ ተክዬ ጠበቅኩ።

መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ዓይኔ እያየ ከ5,925 ተነሥቶ 5,915 ላይ ተቀመጠ። መውጫው 5,910 ሆነ። ኢንዴክሱ 5,920ን አልፎ ሲወርድ ቦቱ ዝም አለ። 5,911 ሲደርስ መስመሩ አሁንም ሸሸ፤ 5,905። ዋጋው በወረደ ቁጥር መውጫውም አብሮት ይወርዳል። በሩ ጋ ደረስኩ ስል በሩ ራቅ ይላል።

መሸጫው ቁልፍ እኮ ጣቴ ሥር ነበር። አልነካሁትም። ሲስተሙ ከኔ የተሻለ ያውቃል ብዬ ቁጭ ብዬ አየሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው። በመጨረሻ በእጄ ስሸጠው ያገኘሁት ዋጋ 0.35 ነበር። የሁለቱም ኮንትራት 70 ዶላር። 2,130 ዶላር ሄደ።

ጻፍኩላቸው። ስክሪንሾቱን በየደቂቃው አስደግፌ ላክሁ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ «ደረጃዎቹ ተለዋዋጭ መሆናቸው መመሪያው ላይ ተገልጿል። ስትራቴጂውን ያልተረዱ ሰዎች ባይጠቀሙበት ይመከራል።» ደግሜ ስጠይቅ ጥያቄዬን «ተፈትቷል» ብለው ዘጉት። ምኑ ነው የተፈታው?

ከዚያ በኋላ ራሴ ቁጭ ብዬ አጠናሁት። ማብቂያው የቀረበ ኦፕሽን ላይ ጋማ የሚሰበሰበው ለዋጋው ቅርብ በሆነው ስትራይክ ነው። የሂሳቡ ባሕርይ ነው። ስለዚህ ትልቁን ጋማ በየደቂቃው እንደገና ካሰሉት ግድግዳው ዋጋውን እየተከተለ ይሄዳል። ዋጋውን ያቆማል የተባለው ነገር ከኋላው የሚሮጥ ነው ማለት ነው። ስቶፕን (ኪሳራ መቁረጫን) እዚያ ላይ ማሰር ስቶፕ እንደሌለ ያህል ነው።

ሌላም አለ። የሚደምሩት ኦፕን ኢንተረስት (ተከፍተው ገና ያልተዘጉ ኮንትራቶች ብዛት) በቀን አንዴ፣ ገበያው ሳይከፈት የሚወጣ ቁጥር ነው። በዚያው ቀን ተከፍቶ የተዘጋ ኮንትራት እዚያ ውስጥ አይታይም። ማርኬት ሜከሩ ኮሉን ገዝቷል፣ ፑቱን (የመሸጥ መብቱን) ሸጧል የሚሉትም ግምት ነው፤ ማን በየትኛው ወገን እንደቆመ ኦፕን ኢንተረስት አይናገርም። ግምቱ ከተሳሳተ ደግሞ፣ ይገዛሉ የተባሉት ማርኬት ሜከሮች ዋጋው ሲወርድ አብረው ይሸጣሉ። ያኔ ግድግዳ የተባለው ቦታ ላይ ውድቀቱ ይብሳል።

እንዲህ ዓይነት ቦት ያላችሁ፣ ስገባ የተቀመጠው መውጫ እስከመጨረሻው ይጸናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በግልጽ ካልመለሱ ተዉት። ኪሳራ መቁረጫችሁን በራሳችሁ ብሮከር ላይ፣ በራሳችሁ ቁጥር አስቀምጡ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ «የወር ክፍያዎ በሦስት ቀን ውስጥ ይታደሳል» የሚል መልእክት ላኩልኝ። ካርዴን አዘግቻለሁ።