መሪ ሲጠመዘዝ የሚጮኽ የፊት እግር፦ በክሪክ ሳይነሣ ዕቃ እንዳታስቀይሩ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው ፎር ዊል ፒክአፕ ለምትነዱ ወገኖች ነው። መሪ ሲጠመዘዝ ከፊት እግር ድምፅ ተሰማ በተባለ ቁጥር፣ መኪናውን በክሪክ እንኳ ሳያነሡ «ሲቪ ጆይንቱ አልቋል፤ ሴሚያሱ ከነሙሉው ይቀየር» ብለው የሚፈርዱ ሠራተኞች እየበዙ መጥተዋል። ሴሚያስ ኃይልን ወደ ጎማው የሚያደርስ ዘንግ ነው፤ ሲቪ ጆይንት ደግሞ ጎማው ሲታጠፍም ዘንጉ እንዲሽከረከር የሚያስችለው መገጣጠሚያ ነው። ከፊት እግር ዕቃዎች ውስጥ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሴሚያስ በመሆኑ፣ ፍርዱ ስህተት ሆኖ ሲገኝ የሚከስረው ባለመኪናው ብቻ ነው።

በቤተሰባችን የደረሰውን ላስረዳ። የእህቴ ባለቤት ከኩታበር ወደ ደሴና ኮምቦልቻ እህል የሚያመላልስበት፣ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ አለው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ወደ ግራ በሚታጠፍባቸው ኩርባዎች ላይ ብቻ፣ ከቀኝ የፊት ጎማ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማው ጀመር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ መሪውን ቆሞ ወዲያና ወዲህ ካዞረ በኋላ የቀኙ ሴሚያስ እንዲቀየር ወሰነ፤ ዕቃውንም ራሱ አቀረበ፤ «ኦርጅናል ነው» ተብሎም ሙሉ ዋጋ ተከፈለበት። በማግስቱ በዚያው ቁልቁለት ላይ ያው ድምፅ ተሰማ።

የወለቀውን አሮጌ ሴሚያስ እኔም አይቼዋለሁ። የላስቲክ ሽፋኑ አንድም ቦታ አልተቀደደም፤ ማሰሪያው እንኳ አልላላም፤ ሽፋኑ ሲከፈትም ውስጡ ያለው ግራሶ ንጹሕ ነበር። በአንጻሩ ከአዲሱ ዕቃ ላይ ጥቁሩ ቀለም በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ የቆየ ዝገትና ጭረት ወጣ፤ የዕቃ ቁጥርም አልተገኘበትም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን መኪናው ላይ ነበር። ይህ ሃይሉክስ በፊት ጎማዎቹ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሐል) ላይ ሴሚያሱን ከጎማው ጋር የሚያያይዝ፣ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያለው ሲሆን፣ ድምፁ በሚሰማበት ጊዜ ሁሉ ሁለቱም «ፍሪ» (ያልተቆለፉ) ነበሩ። መቆለፊያው ፍሪ ሆኖ መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ ሲሄድ የፊት ሴሚያስ ከጎማው ጋር አይሽከረከርም። የማይሽከረከር ሲቪ ጆይንት ደግሞ ከጎማው ፍጥነት ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። ይህን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ ሞዞውን ማየት ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ባለመኪና የሆነ ሁሉ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ድምፁ ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደሚሰማ ለይቶ ይያዝ። ያለቀ የውጭ ሲቪ ጆይንት የሚሰማው መሪው በጣም ሲጠመዘዝና ነዳጅ ሲሰጠው ነው፤ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ከጎማው ጋር ይፈጥናል። ብዙ ጊዜም ላስቲኩ ተቀድዶ ግራሶው በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ ተረጭቶ ይታያል። መቆለፊያ ያለው መኪና ከሆነ ሁለቱንም ፍሪ አድርጎ በዚያው መንገድ መንዳት ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ሴሚያሱ ይሄዳል፤ ከቀጠለ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። በእጅ የሚዞር መቆለፊያ በሌላቸው አዳዲስ ፒክአፖች ላይ ሴሚያሱ ሁልጊዜ ስለሚሽከረከር ይህ ሙከራ አይሠራም።

የጎማ ኩሽኔታ (ሞዞው የሚሽከረከርበት ዕቃ) ሲሆን ግን «ቀጭ፣ ቀጭ» አይልም፤ ያጉረመርማል። ወደ ግራ ሲታጠፍ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ስለሚጋደል የቀኙ ኩሽኔታ ይጫናል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የግራው። የእህቴ ባለቤት ለመጀመሪያው ጋራዥ የነገራቸው ምልክት ይኸው ነበር፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። ሌላ ባለሙያ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ክፍተቱ በዓይን ታየ። ፍሬን እንዲረገጥ አድርጎ እንደገና ሲነቀንቀው ክፍተቱ ጠፋ። ፍሬን ሞዞውን ከተሸካሚው ጋር ስለሚያጣብቀው፣ በዚህ የሚጠፋ ክፍተት የኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተረግጦም የሚቀር ከሆነ ቦል ጆይንት (የሞዞውን ተሸካሚ ከመኪናው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ይመረመራል። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቁት የሚገኝ ክፍተት ደግሞ በአብዛኛው ወደ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ያመለክታል። የዚህ መኪና ችግር ዳዶው ላልቶ የተበላሸ የውጭ ኩሽኔታ ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋው ለሴሚያሱ ከተከፈለው ጋር ጨርሶ የሚነጻጸር አይደለም።

ምንም ሳይበላሽ የሚሰማ ድምፅም አለ፤ ብዙ ሰው ያለ አግባብ የሚከፍለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሃይሉክስና ባለ 70 ሞዴል ላንድክሩዘሮች ፎር ዊል ሲገቡ የፊትና የኋላ ዘንጎቻቸው በአንድ ላይ ይቆለፋሉ፤ በመካከላቸው የፍጥነት ልዩነቱን የሚያስተካክል ዲፈረንሻል የላቸውም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ። በጠጠርና በጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃልለዋል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይፋጫል፣ ከታችም «ጓ» የሚል ይሰማል። ከጠጠር መንገድ ወጥቶ ፎር ዊሉን ሳያወጣ ደሴ ከተማ ውስጥ የሚጠመዘዝ ሾፌር ይህን ሰምቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ይህንኑ ምክንያት አድርጎ የፊቱን ወይም የኋላውን ዲፈረንሻል አስወርዶ የሚያስከፍል ግን ያታልለዋል። በዚያ ሁኔታ አዘውትሮ መንዳት ግን በእርግጥም ዕቃ ይጎዳል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መሪ መጠምዘዝ ሲጀመር ወይም ፍሬን ሲያዝ አንዴ «ቋ» የሚል ድምፅ የጎሚኒ (በመገጣጠሚያዎች መካከል ያለ ላስቲክ) ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የታችኛው ቦል ጆይንት ከሆነ ግን ለነገ አይባልም። እርሱ ከወለቀ ጎማው ይታጠፋል፤ መሪም አይታዘዝም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል እንደምንወርድ የምታውቁት ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ዕቃ መቀየር የሚያስከትለው የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛው ብልሽት ሳይነካ «ተሠርቷል» በሚል እምነት ያን ቁልቁለት ያስወርዳል።

ከዚህ በኋላ የፊት እግር የምታሠሩ ሁሉ፣ ክፍተቱ የትኛው ዕቃ ላይ እንዳለ ጎማው ተነሥቶ ዓይናችሁ እያየ ይነቅነቅላችሁ፤ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ላልሆነ ሠራተኛ የመኪናችሁን ቁልፍ አትስጡ። ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ከነካርቶኑ ተመልከቱት፤ ቁጥሩንም በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥና ሸማቹን በሐሰተኛ መረጃ እንዳያሳስት ያስገድደዋል። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑና የተገጠመበት ጎን ይጻፍ፤ የወለቀውንም አሮጌ ዕቃ እዚያው ጥላችሁ አትውጡ።