«ዲሲ በ13 ሰዓት» የምትል ትኬት እንዳትሸውዳችሁ

እናት አባታችሁን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ልታመጡ ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይችን አንብቡ። «ዲሲ በ13 ሰዓት፣ በቅናሽ» እያሉ ትኬት የሚሸጡ ሰዎች አሉ።

13 ሰዓት የሚባል በረራ አለ። ግን የመልሱ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከዲሲው ደለስ ኤርፖርት የተነሳ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ ሲነሳ ነገሩ ይለወጣል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያን ያህል ነዳጅ ከሙሉ ተሳፋሪ ጋር ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ደብሊን አንዷ ማረፊያ ነበረች። ነፋሱም ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከፊት ነው። በጥሩ ቀን 16 ወይም 17 ሰዓት በሉት።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓትም ያደናግራል። 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ይገባል ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መሰላችሁ? ሁለቱም የየአገሩ ሰዓት ነው። በአሜሪካኖቹ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ጨምሩበት። (22:30 ማለት በእኛ ማታ አራት ተኩል ነው፤ ጠዋት መስሏቸው በረራ ያመለጣቸው አሉ።)

የሰዓቱ እንኳ ይቻላል። አክስቴን ቦሌ ላይ ያስቀራት ሌላ ነው። ልጇ እዚህ አሜሪካ ካለ አንድ ሻጭ በርካሽ ገዛላት። ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ሁለት ትኬት ነው። ፍራንክፈርት ላይ ወጥተው ሻንጣዎን ተቀብለው እንደገና ነው የሚያስመዘግቡት። የሸንገን፣ ማለት የአውሮፓ መግቢያ ቪዛ አለዎት?» አለቻት። ያላት የአሜሪካ ቪዛ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከኤርፖርቱ አያስወጣም።

ወረቀቱን በኋላ አየሁት። 7 ሰዓት በረራ፣ 9 ሰዓት በረራ፣ መሃል ላይ 11 ሰዓት ጥበቃ። ድምሩ የትም አልተጻፈም። ሁለት የተለያየ የሪዘርቬሽን ኮድ ግን ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ተቀምጧል። ሻጩ ሲደወልለት «ትኬቱ አይመለስም፣ ሕጉ ነው» ብሎ ዘጋው።

እናም ኮዱን ከክፍያ በፊት ጠይቁ። አንድ ጉዞ ከሆነ አንድ ኮድ ይበቃል። አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ አስገቡና የት እንደሚያርፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ እዩ። ሻንጣው እስከ ደለስ በቀጥታ ይሄድ እንደሆነም በጽሑፍ ይመልስላችሁ፤ በስልክ የተባለ ነገር ቦሌ ላይ አይሠራም። ኮዱ ከታየ በኋላም ትኬቱ መቆረጡን አረጋግጡ፤ ቦታ መያዝና ትኬት መቁረጥ ለየቅል ናቸው። የተቆረጠ ትኬት 13 አኃዝ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል።

«በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት የአሜሪካ አገልግሎት) ብቻ ላኩ» የሚላችሁን እለፉት። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ባንካችሁ ዘንድ መከራከር ትችላላችሁ፤ በዜል የሄደን ብር ማስመለስ ግን ጣጣው ብዙ ነው።