ሜክኤምኬቪና ሃንድብሬክ፦ አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው ይጨምቃል

የዲቪዲ ቪዲዮዎችን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ከሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች መካከል ሜክኤምኬቪና ሃንድብሬክ ብዙውን ጊዜ ስማቸው ተያይዞ ይነሣል። ሁለቱም ዲስኩን ያነባሉ፤ ሁለቱም በመጨረሻ በኮምፒውተር ላይ የሚከፈት ፋይል ያስረክባሉ። ሆኖም ሥራቸው አንድ አይደለም። ሜክኤምኬቪ በዲስኩ ላይ ያለውን ምስልና ድምፅ ሳይነካ ሲገለብጥ፣ ሃንድብሬክ ግን ምስሉን ፈትቶ እንደገና በሌላ መንገድ ይጨምቀዋል። ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ልዩነት የሚበልጥ መመዘኛ ስለሌለ ምርጫዬ ሜክኤምኬቪ ነው፤ ሃንድብሬክን የምመክረው ለሌላ ጉዳይ ነው።

የቤተሰብ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በፋብሪካ በታተመ ዲስክ ላይ ሳይሆን፣ በዲቪዲ መቅረጫ ወይም በኮምፒውተር በተቀዳ ዲስክ ላይ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በብርሃንና በሙቀት በሚጎዳ ስስ የቀለም ንጣፍ ስለሆነ፣ አንድም ጭረት ሳይታይበት የማይነበብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጂውን ማዘጋጀት የሚገባው ዲስኩ ገና በደህና በሚነበብበት ጊዜ ነው።

የዲቪዲን ይዘት ከፍቶ ያየ ሰው «ቪዲዮ ቲኤስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ አንዱ ቪዲዮ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ፋይሎች ተከፋፍሎ ያገኘዋል። እነዚህን እንዲሁ ጎትቶ መገልበጥ የተቆራረጠና የማይመች ክምችት ይፈጥራል። ሜክኤምኬቪ ቁርጥራጮቹን አያይዞ አንድ የኤምኬቪ ፋይል (ምስልን፣ ድምፅንና የትርጉም ጽሑፍን አንድ ላይ የሚይዝ የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) ያደርጋቸዋል፤ ሁሉንም የድምፅ አማራጮች፣ የትርጉም ጽሑፎችንና የምዕራፍ ምልክቶችን ይዞ ያስቀምጣል። ኤምፔግ-2 በተባለው የዲቪዲ የጭመቃ ዘዴ የተቀመጠው ምስል እንዳለ ስለሚቆይ የፋይሉ መጠን አይቀንስም፤ ባለ አንድ ንጣፍ ዲስክ እስከ 4.7፣ ባለ ሁለት ንጣፍ ደግሞ እስከ 8.5 ጊጋባይት ስለሚይዝ የሃርድ ዲስክ ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። በምትኩ ሥራው ፈጣን ነው፤ የሚወስደው ጊዜ የሚወሰነው በኮምፒውተሩ ጉልበት ሳይሆን በዲስክ አንባቢው ፍጥነት ነው።

ጉድለት የለበትም ማለት ግን አይደለም። የዲስኩ ሜኑ በኤምኬቪ ፋይል ውስጥ አይገባም፤ ሜኑውን ጭምር ማቆየት የሚፈልግ ሰው የዲስኩን ሙሉ ይዘት እንዳለ በሚይዝ አይኤስኦ በተባለ አንድ ፋይል ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ለዚህም ኢምግበርን የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ የመጨረሻ እትሙ የ2013 ቢሆንም፣ የቅጂ ጥበቃ (መገልበጥን የሚከለክል ቁልፍ) በሌለበት ዲስክ ላይ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሜክኤምኬቪ አስቀድሞ በተሰጠው ቅንብር ከ120 ሴኮንድ ያነሱ ቪዲዮዎችን ዘሎ ያልፋል። ለፊልም ይህ ጠቃሚ ነው፤ አጫጭር ቀረጻዎች ለተሞሉበት የቤተሰብ ዲስክ ግን ተጠቃሚው ሳያውቀው የሚቀር ነገር ስለሚኖር፣ ቁጥሩን በቅንብሩ ውስጥ ዝቅ ማድረግ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይገባል።

ሃንድብሬክ የምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ምስሉን ኤች.264 ወይም ኤች.265 በተባሉት አዳዲስ የጭመቃ ዘዴዎች በመጨመቅ ለስልክና ለቴሌቪዥን የሚመች ቀለል ያለ ፋይል ያወጣል። የራሱ መመሪያ ለዲቪዲ ጥራት ላለው ምስል ከ18 እስከ 22 ያለውን የጥራት ቁጥር ይመክራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል። ሆኖም ምንም ያህል ጥሩ ቁጥር ቢመረጥ በጭመቃው የጠፋው አይመለስም። በተለይ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ምስል ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 50 ወይም 60 ገደማ በሚሆኑ ግማሽ ምስሎች የተሠራ ነው፤ ሃንድብሬክ እነዚህን ሲያዋህድ ከጎን የሚታዩትን የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ መስመሮች ያጠፋል፤ ነገር ግን በተለመደው አሠራር የእንቅስቃሴውን ልስላሴ በግማሽ ይቀንሰዋል። «ቦብ» የተባለው አማራጭ ይህን ይከላከላል፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ የተገለበጠው ፋይል በእጅ ካለ ብቻ ነው በሌላ ቅንብር እንደገና መሞከር የሚቻለው። ስለዚህ ሃንድብሬክን ከዲስኩ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ሜክኤምኬቪ ካወጣው ፋይል ላይ ማሠራት የተሻለ ነው።

ለንግድ የታተሙ ዲስኮችን በተመለከተ፣ ሃንድብሬክ የቅጂ ጥበቃን አይፈታም፤ ሜክኤምኬቪ ይፈታል። ይህ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑ እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ ተጠቃሚው አስቀድሞ ሊያጣራው ይገባል። የሜክኤምኬቪ የዲቪዲ አገልግሎት ነጻ ነው፤ ብሉሬይ ለመገልበጥ ግን ሶፍትዌሩ በሙከራ ደረጃ እስካለ ድረስ በየጊዜው የሚታደስ ቁልፍ ማስገባት ይጠይቃል፣ ይህም ያሰለቻል።

በተጎዳ ዲስክ ላይ ሁለቱም ደካማ ናቸው። ሜክኤምኬቪ የማይነበበውን ቦታ ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ ቪዲዮውን ሳይጨርስ ሊተወው ይችላል። እዚህ ላይ ከተጎዳ ዲስክ መረጃ ለማውጣት የሚያገለግለው ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም ይበልጣቸዋል፤ በትእዛዝ መስመር የሚሠራ በመሆኑ ለጀማሪ አይመችም እንጂ፣ በቀላሉ የሚነበበውን ክፍል ቀድሞ አውጥቶ አስቸጋሪውን ወደ ኋላ ያቆየዋል፤ የቀረውንም በመዝገብ ፋይል ስለሚይዝ ዲስኩን ወደ ሌላ አንባቢ አዛውሮ ካቆመበት መቀጠል ይቻላል። የሚያወጣውን የአይኤስኦ ፋይል ሜክኤምኬቪ ይከፍተዋል። ዲስኩ ምንም ሳይጎዳ ኮምፒውተሩ ባዶ ነው ካለ ደግሞ፣ በተቀዳበት መሣሪያ ላይ ፋይናላይዝ ሳይደረግ (በሌሎች መሣሪያዎች እንዲነበብ ቀረጻው ሳይዘጋ) ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መሣሪያው ካለ መጀመሪያ እዚያ ላይ መዝጋት ያስፈልጋል።