ወደ ኮምቦልቻ ይዛችሁን ለመጣችሁት አብራሪዎች

ስማችሁን አላውቅም። ካፒቴኑንም ረዳት አብራሪዋንም ግን እናቴም እኔም ከልብ እናመሰግናለን። ያመሰገንናችሁ ስላሳረፋችሁን ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ላይ አናርፍም ብላችሁ ስለተነሳችሁ ነው።

የቤቱ ቆርቆሮ ጎልቶ እየታየን ሞተሩ ጮኸ፣ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሽቅብ ወጣ። ግማሹ "ያ አላህ!" ግማሹ "እመብርሃን!" አለ። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ደግሞ "ምን ዓይነት አነዳድ ነው!" ብሎ ተቆጣ። ቆይቶ ካፒቴኑ በድምጽ ማጉያው ነፋሱ ስለተቀያየረ እንደገና እንደምንሞክር ነገረን። በሁለተኛው ሙከራ በሰላም አረፍን።

እናቴ ስትወርድ አስተናጋጇን "ምን ሆኖ ነው?" አለቻት። "እማማ፣ አብሽሩ፣ ሁሌ የሚለማመዱት ነው" ብላ እጇን ይዛ አወረደቻት። አንቺም ተባረኪ።

እውነቷን ነው። ሳያርፉ ሽቅብ መመለሱን ጎ አራውንድ ይሉታል። አብራሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ብቃታቸው ይፈተሻል፤ አንድ ሞተር እንደጠፋ ተቆጥሮ ሽቅብ መመለስን ሲሙሌተር በሚሉት የበረራ መለማመጃ ማሽን ውስጥ ይሠሩታል። ውሳኔውም የድንገት አይደለም። ለማረፍ መውረድ ሳይጀምሩ ማረፉ ባይሳካ በየት በኩል እንደሚወጡ ይነጋገራሉ። ኮምቦልቻ በተራራ የተከበበች ናትና ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ አየር መንገዶች ደንብ፣ ደመና ካለ 1,000 ጫማ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ 500 ጫማ ላይ ፍጥነቱም አወራረዱም መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ መነሳት ነው። ረዳቷ "ጎ አራውንድ" ካለች ካፒቴኑ አይከራከርም፤ ይነሳል።

ካፒቴኑ ወዲያው ሳይነግረን ዝም ማለቱም ምክንያት አለው። ጉልበት መጨመር፣ አፍንጫ ማንሳት፣ ጎማ መሰብሰብ፣ ከዚያ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውን ማናገር። የእኛ ተራ መጨረሻ ነው። ነዳጁም ቢሆን ለሌላ ኤርፖርት የሚበቃና ከዚያ በላይ መጠባበቂያ ተጨምሮበት ነው የሚጫነው።

ምስጋናዬን ያበዛሁት ያለ ነገር አይደለም። ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው የበረራ ደህንነት ድርጅት እንዳጠናው፣ ለማረፍ ሲቀርብ አቀራረቡ ሳይስተካከል ከቀረ በረራ ውስጥ በጎ አራውንድ የሚያበቃው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ገፍቶ ያርፋል። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም፣ ሰዓት ሲረፍድ፣ መሬቱም እዚያው ሲታይ መግፋት ይቀላላ!

እናም ወደ ኮምቦልቻም ሆነ ወደ ላሊበላ ለመብረር ፈርታችሁ የምታመነቱ የወሎ ልጆች፣ እናቶቻችሁን ያለ ስጋት አሳፍሩ። አውሮፕላኑ ሽቅብ ከተመለሰ ቀበቷችሁን አጥብቁና ዱዓችሁን አድርጉ፤ አብራሪውን ግን አትስደቡ።

እነዚህን አብራሪዎች የምታውቁ ካላችሁ ይህን አድርሱልኝ። እናቴ "በሐረጎ ወጥተው ደሴ ቡና ሳይጠጡ እንዳይመለሱ" ብላለች።