ኤንቢን ስምንት ወር ተጠቀምኩበት፣ ሞተር ፈልጌ ለቅሶ ያገኘሁበት ጊዜም አለ

ከመጋቢት 2017 ጀምሮ ኖቶቼን በሙሉ የምይዘው በኤንቢ (nb) ነው፣ ቴርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ እየጻፍክ በምታዝበት መስኮት የሚሰራ የማስታወሻ ፕሮግራም ነው። ቤቴ ደሴ ነው፣ ስራዬ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል፣ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ድሮ ደብተር ነበር የምጠቀመው፣ ሶስት ደብተር ሙሉ የማሽን ብልሽት ጽፌ ነበር፣ በ2014 ጥቅምት ከቤት ስንወጣ እዛው ቀሩ ስንመለስ የሉም። ከዛ በኋላ ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ለራሴ እየላኩ ኖርኩ፣ እሱም ከፎቶውና ከነሺዳው ጋር ተቀላቅሎ በቃ ጉድጓድ ሆነ።

ኤንቢ አንድ የባሽ ስክሪፕት ነው፣ በቴርሚናል ትእዛዞች የተጻፈ ማለት ነው። ኖቶቹ ተራ የማርክዳውን (የጽሁፍ) ፋይል ናቸው፣ ነገ ኤንቢ ቢጠፋ እንኳ በማንኛውም ኤዲተር ትከፍታቸዋለህ፣ እና አንድ ነገር በጻፍክ ቁጥር ራሱ ጊት ላይ ኮሚት ያደርጋል፣ ጊት የፋይልን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ሰኔ ላይ የቤት ኪራይና የቆጣሪ ንባብ የያዝኩበትን ኖት በስህተት አጥፍቼ ከጊት ሂስትሪ አወጣሁት፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የላፕቶፔ ባትሪ በቅርቡ እስካስቀይረው ድረስ ሞቶ ነበር፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ድርግም ነበር የሚለው፣ እስካሁን ግን ሴቭ ያደረግኩት ኖት አንድም አልጠፋብኝም። ለዚህ ብቻ እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። ሐምሌ ላይ ሌሊት ፈረቃ ነበርኩ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ የኮንቬየሩ ሰንሰለት ጥርስ መዝለል ጀመረ። ስንት ሚሊ ልቅ መተው እንዳለበት ኖት ላይ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ ሰንሰለት ብዬ ፈለግኩ፣ ምንም የለም። ደግሜ ፈለግኩ፣ ምንም። ፎርማናችን አናቴ ላይ ቆሞ «እህሳ፣ ላፕቶፕህ ምን አለ?» «ጋሼ አንዴ ይጠብቁኝ» እያልኩ ስቁለጨለጭ እሳቸው ከካኪያቸው ኪስ ዘይት የጠጣች ደብተር አውጥተው፣ ጣታቸውን በምራቅ እርጥብ አድርገው ሁለት ገጽ ገለጡና «12 ሚሊ» አሉ። አለቀ።

ጠዋት ሳጣራ ኖቱ አለ። አንድ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝን ነበር ኮፒ ያደረግኩት፣ እሱ ደግሞ በንጉሡ ሠ «ሠንሰለት» ብሎ ነው የጻፈው፣ እኔ በእሳቱ ሰ ነው የፈለግኩት። ለኛ አንድ ድምጽ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስትል ደግሞ ስድስት ሆነ፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ አለ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ አለ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሞተር ብለህ ብትፈልግ «ሞተሩ ጋለ» ብለህ የጻፍከውን አያመጣልህም፣ ምክንያቱም ር ወደ ሩ ስትቀየር ሌላ ፊደል ነች። እንግሊዝኛ ቢሆን መጨረሻው ላይ ይጨመርበት ነበር እንጂ ቃሉ አይነካም። እሺ ብዬ አሳጥሬ «ሞተ» ብዬ ፈለግኩ፣ ሞተሮቹ ሁሉ መጡ፣ ከነሱ ጋር የእድር ኖቴም መጣ፣ «የጎረቤታችን እናት ስለሞቱ» ያልኩት አመለጠ እንጂ «አጎቱ ስለሞተ 200 ብር» ያልኩት ከፓምፑ ሞተር ስር ተደርድሮ ቁጭ አለ። አላህ ይማራቸው፣ ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

መፍትሄው፣ ፍለጋውን በሪፕግሬፕ (ፋይል ውስጥ ጽሁፍ በሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም) አድርጌ ሞተ ካልኩ በኋላ በማዕዘን ቅንፍ ከረ እስከ ሯ ብዬ መስጠት ነው፣ ዩኒኮድ ላይ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት ዝርዝር) የአንድ ፊደል ቤተሰብ ተከታትሎ ስለተቀመጠ ሞተር፣ ሞተሩ፣ ሞተሮች፣ ሞተሯ ሁሉንም ይይዛል። ይሄን ሁሌ መጻፍ ስለሚያደክም አንድ አስር መስመር የማትሞላ የባሽ ፈንክሽን ሰራሁ፣ ሰ ሲያይ ሰንም ሠንም ይፈልጋል፣ የመጨረሻዋን ፊደል ደግሞ በሙሉ ቤተሰቧ ይዘረጋታል። ከዛ በኋላ አልተዋረድኩም።

ቪም የሚባለውን የቴርሚናል ኤዲተር የለመደ ካለ ይስማኝ፣ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ እያለ መስመር ላጠፋ ዲን ሁለቴ ስመታ ድድ ይላል፣ ቪም ደግሞ ድድ ምን እንደሆነ ከየት ይወቅ። ኪቦርድ እየቀያየርኩ ሁለት ሳምንት ታገልኩና ናኖ ወደሚባለው ሌላ ኤዲተር ዞርኩ፣ እሱ ትእዛዙ በኮንትሮል ስለሆነ ግድ የለውም። ፊደሎቹም ቴርሚናል ላይ ይጨናነቃሉ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው ቦታ ለላቲን የተለካ ስለሆነ ጨ እና ሠ ጎረቤታቸውን ይጋፋሉ። ፎንቱን አተለቅኩት፣ በስልክ በተርመክስም (የአንድሮይድ ቴርሚናል) ሞክሬው ነበር፣ ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይመችም።

ሲንክ፣ ማለትም ኖቱን ኢንተርኔት ላይ ካለው ኮፒ ጋር ማመሳሰሉ ጥሩ ነው፣ ግን አውቶ ሲንክን አጥፉት፣ ኔት ሲያነክስ አንድ መስመር ለመጻፍ ራሱ ቆመህ ትጠብቃለህ። እኔ ማታ ቤት ስገባ አንዴ በእጄ ነው የማደርገው። የፓስወርድ ቁልፍም አለው፣ የቆለፍከው ኖት ፍለጋ ውስጥ እንደማይገባ ግን እወቅ። አርዕስት ካልሰጠኸው ደግሞ የፋይሉን ስም በፈረንጆች ቀንና ሰዓት ይሰይመዋል፣ መጋቢት 6 ከሌሊቱ 9 ሰዓት የጻፍኩት 2025031503 ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እሱን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ እንቅልፌ ይመጣል፣ ስለዚህ አርዕስት ላይ ቀኑን ራሴ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ አራት መቶ ኖት ደርሻለሁ፣ የመቀየር ሃሳብም የለኝም። ፎርማናችን ጡረታቸው ስለደረሰ ያቺን ደብተር ሚኒባስ ውስጥ ያነቡልኛል እኔ እጽፋለሁ፣ ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ ስንደርስ ላፕቶፑን እዘጋለሁ ያቅለሸልሸኛላ። ባለፈው ሰንሰለት የሚል ቦታ ስንደርስ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «በየትኛው ሰ ነው የጻፍከው?» አሉኝ።