የማታው የቅዳሴ ተሰጥኦ ትምህርት፦ የአምስት ወር ተማሪ አስተያየት

የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ የንስሐ አባታችን እናቴን «ይህን ልጅ ለድቁና አዘጋጂው» አሏት። አልሄድኩም። መጀመሪያ ማትሪክ ልፈተን አልኩ፤ ቀጥሎ ኮሌጅ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ትዳር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ድቁና የሚሰጠው ከጋብቻ በፊት ነው። ስለዚህ እኔ ያ መንገድ አልፎኛል። አሁን 38 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ባለ ቁጥር ግን ውስጤን አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር።

ኅዳር ላይ በአጥቢያችን ደጀ ሰላም ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የቅዳሴ ተሰጥኦ (በቅዳሴ ሕዝቡ የሚለው ክፍል) ለምእመናን፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ማታ ማታ ይሰጣል ይላል። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። አምስት ወር ሆነኝ። ለመመዝገብ የሚያመነታ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ትምህርቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ። የምዝገባው 200 ብር ብቻ ነው፤ መጽሐፉን ግን ራሳችሁ ትገዛላችሁ። ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን ያለበትን ግዙ።

የኔታ፣ መምህራችን፣ ጎጃም ተምረው የመጡ ወጣት ናቸው። በዕድሜ ቢያንስ አሥር ዓመት እበልጣቸዋለሁ። እሳቸው «ጋሼ» ይሉኛል፣ እኔ «የኔታ» እላለሁ። አጠገቤ የሚቀመጡት እማማ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ናቸው፤ እሳቸውም «የኔታ፣ ይድገሙልኝ» ይላሉ። ማንም አያፍርም።

መጽሐፉን ስትከፍቱ ዳር ዳሩ ላይ አጫጭር ምልክቶች ታያላችሁ። ይ.ካ. ይበል ካህን ነው፣ ይ.ዲ. ይበል ዲያቆን፣ ይ.ሕ. ይበል ሕዝብ። ለቅዳሴ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ቀዳሾች፣ ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። እኔ ሥራው በእነሱ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ይ.ሕ. የሚለውን ግን በየገጹ አገኘሁት። የእኔ ድርሻ ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል፤ እኔ ዝም ብዬ ቆሜአለሁ።

ተሰጥኦ ሲባል አብዛኞቻችን ሰዓሊ ወይም ድምፃዊ ነው ትዝ የሚለን። በግዕዝ «ተሰጥወ» ማለት ግን መለሰ ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ማታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቤቴ እስክደርስ ሳስበው ነበር። ሲጠሩኝ አልመለስኩም ብዬ ነበርና ስቆጭ የኖርኩት።

አሁን ወደ አንዲት ማታ ልውሰዳችሁ። ሁለተኛው ሳምንት ነው። የኔታ «ሰላም ለኵልክሙ» (ሰላም ለሁላችሁ ይሁን) አሉ። እኔ «ምስለ መንፈስከ» (ከመንፈስህ ጋር) ብዬ መመለስ አለብኝ። መለስኩ። በጣታቸው ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። ይደገም ማለት ነው። ደገምኩ፤ አሁንም መታ መታ። ስድስት ሰባት ጊዜ ሳንባባል አልቀረንም፤ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ‹ከ› እየዋጧት ነው። እሷ እኮ ‹የአንተ› ማለት ናት። ካህኑ ሰላም ሲሉዎት ሰላሙን የሚመልሱላቸው በእሷ ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ‹ከ›ን ሳልውጣት አልኩት። እማማ ከጎኔ «እሰይ!» አሉ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ከ60 የማናንስ ተማሪዎች ነን፣ መምህሩ አንድ ለእናቱ። ፊደል ገና የሚለይ ሰውና ዳዊት የደገመ ሰው አንድ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፤ ይህ ለሁለቱም አይሆንም። የኔታ ለፍትሐት ሲጠሩ ትምህርቱ ይቀራል፣ የሚነግረን ግን የለም። ከመርካቶ በሰልፍ ታክሲ ይዤ መጥቼ በሩ ተቆልፎ ያገኘሁት ሦስት ጊዜ ነው። በቴሌግራም አንድ መስመር መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? የሚላክልን የድምፅ ቅጂም ጫጫታ የበዛበት ነው፤ እኔ በኔታ ፈቃድ በራሴ ስልክ መቅዳት ጀምሬአለሁ። ከሁሉ በላይ ቅር የሚለኝ ደግሞ የትርጉም ጊዜ አለመኖሩ ነው። ስለ ‹ከ› የነገሩኝ ዓይነት ነገር አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ዓርብ ዓርብን ለትርጉም ቢያደርጉት ብዬ ለኃላፊዎቹ ነግሬአለሁ።

ያም ሆኖ ዋጋ አለው። በቀን 20 ደቂቃ ቤት ውስጥ ካልተለማመዳችሁ ግን አትድከሙ፤ ዜማው ከጆሮ ወደ አፍ የሚመጣው በመደጋገም ነው። እኔ ጠዋት ሱቅ ስከፍት፣ መዝጊያውን ወደ ላይ እየገፋሁ እላለሁ። የጎረቤት ሱቅ ልጆች ለምደውኛል።

የጥር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ሰባት ዓመት የሆናት ልጄን እጇን ይዤ ቆሜአለሁ። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ታውቀዋለህ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ።

ቀጣዩ ዙር ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ይጀምራል ተብሏል። ቶሎ ተመዝገቡ፣ ወንበሩ ትንሽ ነው። ባለቤቴ ስሟን አስመዝግባለች።