ለካፌ ሬሰር የትኛውን አሮጌ ሞተር ሳይክል ልግዛ? አራት ምርጫዎች ጎን ለጎን

ቤት ውስጥ ተጀምረው፣ በሸራ ተሸፍነው የቀሩ ካፌ ሬሰሮች ብዙ አይቻለሁ። ባለቤቶቻቸው ሰነፎች አልነበሩም። ሲገዙ በዓይናቸው የነበረው ያለቀለት ሞተር ሳይክል ፎቶ ነው። ሲፈቱት የጠበቃቸው ደግሞ ዘይት፣ ዝገትና አልላቀቅ ያለ ቡሎን ነው። ስለዚህ አራቱን ሳወዳድር ከመልካቸው በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ አንድ ሰው ብቻውን፣ በእጅ መሣሪያ ሊጨርሰው ይችላል ወይ?

የካፌ ሬሰር ሐሳብ ራሱ ቀላል ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ለንደኑ ኤስ ካፌ ባሉ ቦታዎች ይሰበሰቡ የነበሩ የእንግሊዝ ወጣቶች ሕልማቸው በሰዓት 100 ማይል መድረስ ነበር፤ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የማያስፈልገውን ሁሉ ነቀሉ። ማንቡሪዮውን ዝቅ አደረጉ። የእግር ማሳረፊያውን ወደ ኋላ ሳቡ። ወንበሩን የአንድ ሰው አደረጉት። እናንተም የምትገዙት ሲነቀልለት የሚያምርና ሲነቀል የማያስቸግር መሆን አለበት።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሆንዳ ሲቢ750ን ነው። አይፈረድበትም። በ1969 ሲወጣ 736 ሲሲ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን፣ 67 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነው የመጣው። አራቱን የጭስ ማውጫዎች ወደ አንድ ማርሚታ ስታመጧቸው የሚሰጠው ድምፅ አሁንም ልብ ይነካል። ግን አራት ሲሊንደር ማለት አራት ካርቡራተር ማለት ነው፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል። አራቱ እኩል ካልተስተካከሉ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ፣ አይረጋጋም። ለማስተካከል ደግሞ የቫኪዩም መለኪያ ያስፈልጋል። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ለማንሳት ሞተሩን ከቻሲሱ ማውጣት ግድ ነው፤ ያን ሞተር ብቻውን የሚሸከም ሰው አላየሁም። ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚያውቀው ነገርም አለ። የሞተር ዘይቱ የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር አይደለም። ከመቀመጫው በታች፣ በጎን በኩል የራሱ ጋን አለው። ከመቀመጫ ሥር ያለውን ቦታ ወለል አድርጎ ባዶ ለማድረግ ያሰበ ሰው ያንን ጋን የት ያድርገው? አራት ሲሊንደር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ታናሹን ሲቢ550ን ፈልጉ። ዘይቱ ከሥሩ ነው፤ ክብደቱም ቀለል ይላል።

የያማሃው ኤክስኤስ650 ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሲሊንደር ቀጥ ብለው የቆሙበት፣ 653 ሲሲ። መልኩ የድሮዎቹን የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ይመስላል። የእነሱ የሞተር ሳጥን ግን ከላይ ወደ ታች ስለሚከፈል ዘይት ማንጠባጠብ ልማዳቸው ነበር። የያማሃው በአግድም ነው የሚከፈለው፤ ስለዚህ ደረቅ ነው። ሁለት ካርቡራተር፣ ሁለት ካንዴላ፣ በቃ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ስለተመረተ መለዋወጫ አያጣም። እኔ የመጀመሪያዬን ጀምሬ የጨረስኩት በዚህ ነው። ካርቡራተሩን ለአሥረኛ ጊዜ ሳወርድ እንኳ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ምክንያቱም ማውረዱ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። ሁለቱ ፒስቶኖች አብረው ወጥተው አብረው ስለሚወርዱ ይንቀጠቀጣል። ቡሎን ይፈታል፣ ቀጭን ብረት ይሰነጥቃል፣ አምፖል ያቃጥላል። ለእያንዳንዱ ወሳኝ ቡሎን የክር ማጣበቂያ ተጠቀሙ። ሌላው ድክመቱ ባትሪ የሚሞላው ክፍል ነው፤ የዲናሞው ሮተር (የሚሽከረከረው ክፍል) በእድሜ ይቃጠላል። በመልቲሜትር ስትለኩት 5 ኦም አካባቢ ካልሰጠ ዋጋ ስትከራከሩ አንሱት። ስትገዙ ደግሞ ስታንዳርድ የሚባለውን ምረጡ። ስፔሻል የተባለው የኋላ ጎማው 16 ኢንች፣ ወንበሩም ባለ ደረጃ ነው። ያንን ወደ ካፌ ሬሰር መስመር ለማምጣት ቸርኬ ድረስ መቀየር ይመጣል።

ሆንዳ ሲኤክስ500 በ1978 የወጣ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ሁለት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ ወደ ጎን ወጣ ያሉ ነው። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ካቴና የለውም፤ ኃይሉን የሚያደርሰው ትራስሚሲዮን፣ ማለትም የሚሽከረከር ዘንግ ነው። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ስትገዙ የሞተር ቁጥሩ አጠገብ ሦስት የነጥብ ምቶች ፈልጉ። የቀደሙት ሞተሮች የውስጥ ካቴና መወጠሪያቸው ድክመት ስለነበረበት ፋብሪካው አስጠግኗቸዋል፤ ምልክቱ ያ ነው። ግን ባትሪ የሚሞላው ክፍል ሲቃጠል ሞተሩን በሙሉ ማውጣት ነው። የቻሲሱም ኋላ ሳይቆረጥና ሳይበየድ ቀጥ ያለ መስመር አይሰጥም። ብየዳ ካልቻላችሁ እለፉት።

ብየዳ የማይችል ሰው የቢኤምደብሊው ቦክሰሮችን ይመልከት፤ አር80ን ወይም አር100ን። በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው። ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ ወጥተው ስለተዘረጉ ቫልቮላ ማስተካከል በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ የምወድላቸው ግን የቻሲሱ ኋላ በቡሎን የታሰረ መሆኑን ነው። ትፈቱታላችሁ፣ አጠር ያለ ታስሩበታላችሁ፣ የፋብሪካውን መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ምንም አልተበላሸም። ፍሪሲዮኑን ለመቀየር ግን ካምቢዮውን ማውረድ አለባችሁ። የእግር ማሳረፊያ ስትቀይሩም ሲሊንደሮቹና ካርቡራተሮቹ ከእግራችሁ ፊት መሆናቸውን አስቡ። ዋጋውም ከሌሎቹ ይወደዳል።

ካርቡራተር ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሥራ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። ሁሉም ሰው የአየር ማጣሪያ ሳጥኑን ጥሎ ትንንሾቹን ሾጣጣ ማጣሪያዎች መግጠም ይፈልጋል። የኤክስኤስ650፣ የሲኤክስ500 እና የእነዚህ ቦክሰሮች የፋብሪካ ካርቡራተሮች በቫኪዩም የሚከፈቱ ናቸው። የአየሩ ፍሰት ሲዛባባቸው መሃል ፍጥነት ላይ ይደናቀፋሉ። በተለይ ሲኤክስ500 በዚህ ይታማል። እስከ 1978 ያሉት ሲቢ750ዎች በገመድ በቀጥታ ስለሚከፈቱ የነዳጅ ማሳለፊያዎቹን ቀይሮ ማስተካከል ይቀላል። ኤክስኤስ650 ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ካርቡራተሮቹን ሚኩኒ በሚባሉ፣ በገመድ በሚከፈቱ ካርቡራተሮች ይቀይራል፤ እኔም ያንን ነው ያደረግኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ኤክስኤስ650 ስታንዳርድን እመክራለሁ። ገንዘብ ኖሮት ብየዳ ለሌለው ቦክሰሩን። ሲቢ750 ሁለተኛ ሥራችሁ ይሁን።

ለማየት ስትሄዱ ባትሪ መብራት ይዛችሁ የሰልባትዮውን ውስጥ እዩ፤ ዝገት ካለ ካርቡራተሩም ውስጥ አለ። ሦስቱን ጃፓኖች ለመፍታት የጃፓን ልክ የሆነ ካቻቢቴ ያዙ፤ ተራው ባለ መስቀል የብሎኑን ራስ ይበላዋል። የቻሲስ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የሚጨምቀውን ግፊት) ለኩ፤ በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት ካለ ሞተሩ መከፈቱ አይቀርም። እና ገና ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከሆነ ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚነሳ አታዩም፤ ሌላ ቀን ተመለሱ።